ክረምት ያረጠበውን ፀሐይ ሲያደርቀው

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ከዓመቱ ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት ውሃው ደጅ ላይ ብቻ አይቀርም። በግድግዳ እግር ሽቅብ ይወጣል፤ ፍራሽ ሥር ይገባል፤ ከቁም ሳጥን ጀርባ ይሸሸጋል፤ በጎታ ያለውን እህል ያለሰልሳል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናነሳው መጥረጊያና መወልወያ ነው፤ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤቱ እንዲያምር። በዚህ ምዕራፍ አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ ሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ አስቀድሞ ማድረቅ፣ ቀጥሎ ማጽዳትና መጠገን፣ በመጨረሻ ማኖር። ተራው ሲዛባ ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ጥር ሳይደርስ ይላጣል፤ ሌሊት ጤዛ ያደረበት በርበሬ ይሻግታል፤ በደንብ ሳይደርቅ የታጠፈ ጋቢ የያዘውን ሽታ በቀላሉ አይለቅም።

በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም፣ አየሩም ደረቅ የሚሆንበት ወቅት ነው። ለቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ደረቅ አየር ከጨርቅም ከግድግዳም እርጥበት ስቦ ይወስዳል። ፀሐይዋንም የምንኖርበት ከፍታ ያግዛታል፤ ከባሕር ጠለል ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር፣ ተሕዋስያንን የሚጎዳው የማይታየው ጨረሯ ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ያለችው ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው።

ግድግዳው ይቅደም

ሥራው የሚጀመረው ዝናቡ ጨርሶ ሳያባራ ነው። የመጨረሻዎቹ ዝናቦች ሲወርዱ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታና ውሃ የሚሰርግበትን ግድግዳ በከሰል ምልክት አድርጉበት። ጥቅምት ላይ ሁሉም ነገር ሲደርቅ ቀዳዳው የት እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም፤ ቆርቆሮ ለመጠገን የሚመጣውም ሰው በግምት ይሠራል። አሸንዳው በቅጠልና በአፈር ከተደፈነ ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳልና ይጸዳ። በቤቱ ዙሪያ ያለው ቦይም ክረምቱን ሙሉ ደለል ሲሞላው ስለከረመ መጠረግ አለበት።

ግድግዳው መድረቁን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ቀላል መፈተኛ አለ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ግልጽ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉና አሳድሩት። ጠዋት ከላስቲኩ በስተውስጥ፣ ግድግዳውን በሚነካው በኩል የውሃ ጠብታ ከታየ ግድግዳው ገና ውሃ ይዟል። ጠብታው ከውጭ፣ ወደ ክፍሉ በሚያየው በኩል ከሆነ ደግሞ እርጥበቱ ያለው በክፍሉ አየር ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ መስኮት መክፈት ነው። ቀለም ቀቢ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን አንድ ሌሊት ብትታገሡ ብዙ ብር ታተርፋላችሁ።

ሻጋታን በሚመለከት አንድ መሠረታዊ ነገር መታወቅ አለበት። የሻጋታ ዘር ዓይን የማያየው ብናኝ ሆኖ ሁልጊዜ በአየር ላይ አለ፤ ከማንኛውም ቤት ጠርጎ ማስወጣት አይቻልም። የሚጠብቀው እርጥበት ብቻ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ወልውሎ ሳያደርቁ መተው ሻጋታው በጥቂት ሳምንት እንዲመለስ መጋበዝ ነው። ከቁም ሳጥንና ከአልጋ ራስጌ ጀርባ በብዛት የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ አየር አይንቀሳቀስም፣ የውጭው ግድግዳ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊቱን ከትንፋሻችን የወጣው እንፋሎት እዚያው ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ብታርቁት አየር ያልፍበታል። በቤቱ አስም ያለበት ልጅ ካለ ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።

ሻጋታውን በደረቅ ቡርሽ አትፈግፍጉት፤ ዘሩ በቤቱ ሁሉ ይበተናል። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ መስኮት ከፍቶ፣ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ መጥረግ ነው። በረኪና ለሴራሚክና ለመስታወት ጥሩ ነው። በጭቃ ወይም በብሎኬት ግድግዳ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ብቻ ያነጣዋል፤ ውስጥ የገባው እንዳለ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በረኪናን የሽንት ቤት ማጽጃ ተብሎ ከሚሸጠው አሲድ ጋር በፍጹም አትደባልቁ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጠባብና መስኮት በሌለው ሽንት ቤት ውስጥ ይህ ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ሊገድልም ይችላል። ሁለት ጠንካራ ነገር ሲቀላቀል ይበልጥ ያጸዳል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ናቸውና ለቤት ሠራተኞችም፣ ለልጆችም በግልጽ ይነገር።

የጭቃ ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህ የምርጊት ጊዜ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ እየተረገጠ ጥቂት ቀን ሲቆይ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ጭቃውም ይጣበቃል። ቀጭኖቹ ጭዶች ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዙታል። የጤፍ ጭድ የሚመረጠው ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ነው። ሰዎች ቤቱ ዘመናዊ እንዲመስል ብለው ጭቃውን በሲሚንቶ ይለስኑታል ወይም በዘይት ቀለም ይቀቡታል። እኔ ይህን አልመክርም። የጭቃ ግድግዳ የጠጣውን ውሃ መልሶ ወደ አየር መተንፈስ አለበት፤ ሲሚንቶውና የዘይት ቀለሙ መተንፈሻውን ይዘጉታል። ውሃው ከኋላ ታምቆ ይቀርና ጭቃውን ያበሰብሰዋል፤ አንድ ቀን ልስኑ በሙሉ ይገነጠላል።

ኖራ ግን ያስተነፍሳል። በኃይለኛ እሳት የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይፈላል፣ ይበተናልም። በቀጭኑ ሲቀባ ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ለዚህ ነው ወፍራም አንድ ዙር ከመቀባት ቀጭን ሁለትና ሦስት ዙር የሚሻለው፤ ወፍራሙ ውስጡ ሳይጠነክር ይረግፋል። ከመቀባቱ በፊት የግድግዳውን ገጽ በውሃ ረጨት ማድረግ ይጠቅማል፤ በጣም የደረቀ ገጽ የኖራውን ውሃ ቶሎ መጥጦ ያስቀረዋል። ኖራ ሻጋታንም ይጠላል፤ ኃይለኛ አልካሊ ስለሆነ አያበቅለውም። ዓይንና ቆዳንም ስለሚያቃጥል ጓንት አድርጉ፤ ልጆችንም አርቁ።

መኝታና ልብስ

ፍራሽ፣ ትራስና ብርድ ልብስ የሚወጣው ጠዋት ሳይሆን ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት መግባት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ብርዱ ሲወርድ ጨርቁ እርጥበት መልሶ ይጠጣል። ትኩስ እንዳለ አታጥፉት፤ በጥላ ይብረድና ይታጠፍ። የስፖንጅ ፍራሽ ለቀናት በጠራራ ፀሐይ ከቆየ ይፈረፈራል፤ በየጎኑ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል።

ትኋን ካለ ፀሐይ ብቻ አይበቃም። ትኋን ከ50 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይሞታል፤ ነገር ግን ፍራሹ ሲሞቅ ወደ ጥላው በኩል ይሸሻል፣ ወይም ስፌቱ ውስጥ ይገባል። የአልጋውን መገጣጠሚያ በፈላ ውሃ ማጠብ፣ አንሶላና ትራስ ልብሱን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ይህንኑ ከሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል፤ እንቁላሉ ዘግይቶ ይፈለፈላልና።

ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው። ሲርስ ይከብዳል፤ ሲደርቅ ውጩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ገመድ ላይ ታጥፎ መሰጣት የለበትም፤ በሁለት ገመድ ላይ ተዘርግቶ በመካከሉ ነፋስ ይለፍበት። ሳሙና ሳይበዛ በፊት እናቶቻችን የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ይህ የልብስ ማጠቢያ ለዓለም ሳይንስ አስተዋጽኦ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው አስተላላፊ ነው። ከዚያ ምልከታ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚያገለግል አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ሴቶች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ውስጥ ስንት ዕውቀት ተኝቶ እንዳለ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ዛሬም በእንዶድ የምታጥቡ ካላችሁ ውሃውን ዓሣ ወዳለበት ወንዝ አትድፉት፤ ዓሣንም ይገድላል።

ብል የሚበላው የሱፍና የፀጉር ነገር ነው፤ በርኖስ፣ ባና፣ የሱፍ ካፖርት። ጥጥ ምግቡ አይደለም። ነጠላችሁ ቀዳዳ ካወጣ ሌላ ምክንያት ፈልጉለት፤ ወይም ላብና ወጥ የነካው ሳይታጠብ ታጥፎ ከርሟል። ጉዳቱን የሚያደርሰው የሚበረው ቢራቢሮ ሳይሆን ትሉ ነው። ትሉ ብርሃንና ንዝረት ይጠላል፤ በርኖሱን አውጥቶ በፀሐይ ማራገፍ፣ ስፌቱንና የክሳዱን ሥር በቡርሽ መጥረግ፣ ከዚያ በደንብ በሚታሰር ላስቲክ ማኖር ይበቃል።

ወንፈሉ ወደ ቤት ይግባ

እስካሁን ከዘረዘርኩት ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን የማትወጣው ሥራ ብዙ ነው። ቁም ሳጥን መግፋት፣ ፍራሽ ማውጣት፣ ጭቃ ማቡካት። ገበሬው አጨዳና አረም ሲከብደው ወንፈል ይገባል፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ማሳ ይሠራል። ይህንኑ ሥርዓት ወደ ቤት ውስጥ ያስገቡ የሰፈር ሴቶች አይቻለሁ፤ ሌሎችም ቢከተሉት እመኛለሁ። ስምንት ወይም አሥር ሆነው በየቅዳሜው አንድ ቤት ያዳርሳሉ። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ቅድሚያ የሚሰጠው ለአቅመ ደካማ እናቶችና ለአራስ ቤት ነው። መሰላል፣ ትልቅ ሸራና የኖራ መቀቢያ ቡርሽ በጋራ ይገዛል፤ እያንዳንዷ ለየብቻዋ ገዝታ በዓመት አንድ ቀን ከምትጠቀምበት ይሻላል። በጉራጌና በሐድያ ያሉ ሴቶች ቅቤ እያዋጡ በተራ የሚወስዱበት ዊጆ የሚባል ልማድ አላቸው። ዕቁብ የግድ የብር መሆን እንደሌለበት ያስተምራል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1914 ከወጣው የስሚዝ ሌቨር ሕግ በኋላ የገጠር የቤት እመቤቶች ክበቦች ተስፋፍተው ነበር። ከግብርና ኮሌጅ የመጣች ባለሙያ አንድ ሙያ ታሳያለች፤ አባላቱ ተምረው ለጎረቤት ያስተላልፋሉ። እኛ ጋ ኅብረቱ ከጥንት አለ፤ የጎደለን ቋሚ የትምህርት ሰዓት ይመስለኛል። ቡና የሚጠጣበትን ሰዓት በወር አንድ ቀን ለአንድ ሙያ ማዋል ይቻላል። አንዷ ቅቤ ማንጠር ታሳይ፤ ሌላዋ ምርጊት። በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት ባለሙያዎችም ሲጋበዙ ይመጣሉ።

የቡናውን ነገር ካነሣሁ ስለ ከሰል ሳልናገር አላልፍም። ጥቅምት ብርዱ ሲጀምር ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ የታጠበ ልብስም በላዩ ይሰጣል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ክፍል ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ጭሱ የጠፋ፣ ፍሙ የቀላ ከሰል ደኅና ይመስላል፤ ጋዙ ግን አሁንም ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ሲመጣ ሰው ብርድ መትቶኝ ነው ብሎ ይተኛል፤ በዚያው የቀሩ ቤተሰቦች አሉ። ምድጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ቡና ሲፈላም በርና መስኮት ይከፈት። ቤት የመጣ እንግዳ ራሴን አመመኝ ካለ መጀመሪያ ወደ ደጅ አውጡት።

በርበሬና ቅቤ

የመፀው ትልቁ የባልትና ሥራ በርበሬ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ከማረቆ፣ ከአላባና ከባኮ አካባቢ አዲሱ ዛላ ገበያ ይደርሳል። ዛላው የሚመጣው ብዙ ጊዜ በደንብ ሳይደርቅ ነው፤ እርጥብ በርበሬ በሚዛን ስለሚከብድ ሻጩ አይቸኩልም። ስትገዙ አንዱን ዛላ አንሥታችሁ ነቅንቁት፤ ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ፣ ሲታጠፍም ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እንደ ቆዳ ከተለጠጠ ገና ነው።

ባዶ መሬት ላይ ማስጣት መጥፎ ልማድ ነው። አፈር ውስጥ አስፐርጂለስ የተባለ የሻጋታ ዓይነት ይኖራል፤ እርጥብ በርበሬ ሲያገኝ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ከተበላም ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። ብዙ ሰው በርበሬው ሲታመስ፣ ወጡም ሲንተከተክ ሁሉም ነገር ይሞታል ብሎ ያምናል። ሻጋታው ይሞታል፤ መርዙ ግን የወጥ ቤት እሳት የማይበግረው ስለሆነ በአብዛኛው ይቀራል። ስለዚህ መርዙን የምናስቀርበት ጊዜ ቅንጠሳ ላይ ነው። ሴቶቹ ከብበው ሲቀነጥሱ የጠቆረውን፣ ውስጡ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የያዘውን፣ ተባይ የበሳውን ዛላ ለይተው መጣል አለባቸው። ያሳዝናል፣ ውድ ነውና፤ ግን ለቤተሰብ አይደለም ለማንም አይሰጥ። ቅንጠሳ በጨለማ ክፍል አይሠራ፤ ወደ ብርሃን ይውጣ።

ሸራ ወይም ሰሌን በቆጥ ላይ ተነጥፎ በርበሬው ስስ ሆኖ ይሰጣ፤ ሳይመሽ ይግባ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና በሶብላው ተጨምሮ ከተወቀጠ በኋላም እንደገና ውሃ ገብቶበታልና ሁለተኛው ማድረቅ ከመጀመሪያው እኩል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህን አሳጥረው ወደ ወፍጮ የሚሮጡ አሉ፤ ዱቄቱ በየዕቃው ተጓጉሎ ሲገኝ ምክንያቱ ይኸው ነው። ውጭ አገር ላለ ዘመድ በርበሬ የሚልኩ፣ ለንግድም የሚያዘጋጁ ደግሞ ይህን ይወቁ፤ የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ በአጠቃላይ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን እንዲገኝ አይፈቅድም።

እጅ ሲያቃጥል በውሃ መታጠብ ትርፉ ማሰራጨት ነው። የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም፤ በዘይት ይሟሟል። መጀመሪያ እጅን በዘይት አሽቶ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ያስታግሳል። ጡት የምታጠባ እናት ከቅንጠሳ ብትቀር ይሻላል።

ቅቤም በዚህ ወቅት ይበዛል፤ ላሞቹ ክረምቱን ለምለም ሣር በልተዋል። ለጋ ቅቤ ውስጥ ከመቶ 16 እጅ ገደማ ውሃ ነው፤ ቅቤን የሚያበላሸው ይህ ውሃና ከወተቱ የተረፈው ነገር ነው። ማንጠር ማለት ሁለቱን ማስወጣት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቅቤው የሚንጣጣውም ውሃው እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ነው። ስለዚህ በጆሮ አዳምጡት። መንጣጣቱ ሲቀንስ፣ አረፋው ሲረጋ፣ ከሥሩ ያለው አተላ ሳይጠቁር ቡናማ ሲሆን ይወጣል። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹና በሶብላው ደረቅ ይሁኑ፤ እርጥብ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚጨመር ከሆነ ውሃቸው እስኪያልቅ እሳቱ ላይ ይቆይ። ለብ ሲል አጥልሉት፤ ዕቃው ፍጹም ደረቅ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ ማስቀመጫው ጨለማ ይሁን። እርጥብ ማንኪያ የገባበት ንጥር ቅቤ ቶሎ ይሻግታል።

ከውሃ በርሜል እስከ ኅዳር 12

በቆላና በወይና ደጋ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የወባ ጊዜ ነው። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ለመድረስ ሁለት ሳምንት አይሞላም፤ ውሃ ያቆረውን ዕቃ በየሳምንቱ የደፋ ሰው ዑደቱን ይሰብራል። ከተማ ውስጥ ያላችሁ ይህ አይመለከተንም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለ የትንኝ ዝርያ የሚራባው በውሃ በርሜልና ታንከር ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለታየው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆኗል። በርሜሉ ጥብቅ ክዳን ይኑረው፤ በየሳምንቱ ግድግዳው ይፈግፈግ።

ኅዳር 12 ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ነው። በመላው ዓለም ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የፈጀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አገራችንን መታ፤ የኅዳር በሽታ የተባለው እርሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠልና ማጨስ በየዓመቱ ተያዘ። ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለሆነ ጭሱ አያስቆመውም፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ቀን ወጥቶ ማጽዳቱ ግን ሊጠበቅ የሚገባው ልማድ ነው። የተለወጠው ቆሻሻው ነው። ያኔ የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ጥራጊ ነበር፤ ዛሬ ክምሩ ውስጥ ፌስታል፣ ጎማ፣ ባትሪና የሽቶ ቆርቆሮ አለ። ፕላስቲክ ሲቃጠል ዲዮክሲንና ሌሎች መርዞች ያወጣል፤ ጋዝ የያዘ ቆርቆሮ ይፈነዳል። የሴቶች ማኅበራችሁ ከኅዳር 12 በፊት ጆንያ አከፋፍሎ ፕላስቲኩንና ብረቱን ቢያስለይ፣ ለቃሚዎች ይወስዱታል። ቅጠሉና የወጥ ቤት ትርፍራፊው ጓሮ ተቀብሮ ፍግ ይሁን። ለእሳቱ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ እንዲያ ነው የሚሻለው።

አዲሱ እህል ሳይገባ

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አዲሱ እህል ይወቃል። ጎታውና ጎተራው ከዚያ በፊት ባዶ መሆን አለበት። ያለፈው ዓመት ጥቂት በቆሎ ከታች ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከተደፋ ነቀዙ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይሻገራል። የተጠረገው ለዶሮ ይሰጥ፤ የጎታው ስንጥቅ በጭቃ ይደፈን፤ አሮጌው ጆንያ ተገልብጦ በፈላ ውሃ ይታጠብ።

ነቀዝ በቆሎውን በስታ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች፤ ቀዳዳውንም መልሳ ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው እየበላ ያድግና በሞቃት ቦታ በአምስት ሳምንት ገደማ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ መስሎ የተገዛ እህል ከወር በኋላ ሲነቅዝ የሚገርመን ለዚህ ነው። ጤፍ ከዚህ ነጻ ነው፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ትል ሊያድግበት አይችልም። ስለዚህ ጥንቃቄያችሁን ለበቆሎ፣ ለማሽላ፣ ለባቄላና ለሽምብራ አውሉት። ጥቂት ኪሎ ባቄላ ወይም በቆሎ ከሆነ በጥቁር ላስቲክ ላይ ስስ አድርጎ፣ በላዩ ግልጽ ላስቲክ አልብሶ፣ ጠርዙን በድንጋይ ይዞ እኩለ ቀን ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት በፀሐይ ማቆየት ውስጡ ያለውን ሳይቀር ይገድላል፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

መድረቁን ለመለየት ጨው ይበቃል። ጨው በምጣድ ላይ በደንብ ይድረቅ። ደረቅ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛው ድረስ እህል ይግባበት፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ተጨምሮ ተከድኖ ይነቅነቅ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከመቶ 15 በላይ እርጥበት አለው፤ ተመልሶ ይሰጣ። ካልተጣበቀ ለማኖር ደርሷል።

ለማኖሪያ የምመርጠው አየር የማያስገባውን ሦስት ድርብ ከረጢት ነው፤ ፒክስ የሚባለው ዓይነት። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ካውፒ ለሚባለው ጥራጥሬ ማኖሪያ የጀመሩት ሥራ ነው። ሁለት የላስቲክ ከረጢት ከውስጥ፣ የተሸመነ ማዳበሪያ ከውጭ ሆኖ፣ ሦስቱም ለየብቻ ይታሰራሉ። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል። ምንም መርዝ አይጨመርም። እርጥብ እህል ግን አይግባበት፤ ታፍኖ ይሻግታል።

ነጭ እንክብል ሆኖ የሚሸጠውን የጎተራ መድኃኒት፣ አልሙኒየም ፎስፋይድን፣ ሰው በሚያድርበት ቤት በፍጹም አታስገቡ። ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ልጆች የተኙበት ክፍል ውስጥ ካለ ጆንያ አንድ እንክብል እንኳ ብዙ ነው።

ፒክሱ ከታሰረ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አይከፈት፤ በተከፈተ ቁጥር አዲስ አየር ይገባል። ለዕለት ፍጆታ የሚሆነው በሌላ ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ። ከረጢቱ ከግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ላይ ይቀመጥ፤ አይጥ እንዳይቀደውም አካባቢው ንጹሕ ይሁን። የታሰረበትን ቀን በላዩ ጻፉበት፤ መጀመሪያ የታሰረው መጀመሪያ ይከፈት።